ደህናውን ዕቃ ገደሉት
አሁንስ በዛ! ኮምፒውተሬ አፕዴት ተደረገና የቤቱን የባክአፕ ሳጥን፣ ማለትም የኮምፒውተሮቻችንን ፋይል ገልብጦ የሚያስቀምጠውን፣ አላውቀውም አለ። ሳጥኑ አልተበላሸም እኮ! ዲስኩ ይዞራል፣ አረንጓዴ መብራቱ ይበራል። አምራቹ ማምረቱንም አፕዴቱንም አቆመ፣ በቃ። የልጆቼ ፎቶ እዚያ ውስጥ ነው!

ምትክ ፍለጋ ከቱሉ ዲምቱ መገናኛ ድረስ ሄድኩ። ሻጩ በኬብል የሚሰካ ኤክስተርናል ዲስክ ዘረጋልኝ። ወንድሜ፣ እኔ የምፈልገው የቤቱን ኮምፒውተር ሁሉ በዋይፋይ፣ በራሱ ጊዜ የሚገለብጥ ነው! ሲገኝም ባዶ ሳጥን ነው፤ ዲስኩ ለብቻው ይገዛል። መብራት በሄደ ቁጥር እንዳይበላሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ጨምርበት። ከየት አምጥቼ?

«ክላውድ (የኢንተርኔት ማስቀመጫ) ላይ ጫነው» ይሉኛል ደግሞ። 1 ቴራባይት ፋይል በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚጭን መስመር ከ9 ቀን በላይ ይፈጃል፣ ያውም ካልተቋረጠ። እኛ ሰፈር ኔትወርክ 9 ቀን ሳይቋረጥ የሰነበተው መቼ ነው?