ይድረስ በስፒከር ካርቶን ላይ ለታተሙት ለክቡር 12,000 ዋት

ጉዳዩ፦ ማንነትዎን በማስረጃ አስደግፈው እንዲያስረዱ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከጆሯችን በቀር ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ ከደብረ ማርቆስ የምጽፍልዎ በፋሲካ ማግስት በእርስዎ ስም ከደረሰብኝ ውርደት ገና ሳላገግም ስለሆነ፣ ከአክብሮት ጎደል ያለ ቃል ቢያጋጥምዎ ለንዴቴ ይተዉልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አማቴ ከደምበጫ ገጠር ማር አስይዘው፣ ሁለት ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው መጡ። የልጃቸው ቤት ሲኒማ ቤት ሆኗል የሚል ወሬ ደርሷቸው ነበርና ከምሳ በኋላ ጋቢያቸውን አጣፍተው በቴሌቪዥኑ ፊት በክብር ተሰየሙ። እኔም አምስቱን ስፒከርና ወለሉ ላይ የተጎለተውን ቤዝ አብርቼ ዜና ከፈትሁ። ዜና አንባቢው ገና ‹‹ጤና ይስጥልኝ›› ሲል ድምፁ በአማቴ ጀርባ፣ በሩ አጠገብ ከሰቀልሁት ስፒከር ወጣ። አማቴ ጋቢያቸውን ሰብስበው ብድግ አሉና ወደ በሩ ዞረው ‹‹ኖር!›› አሉ። ጎረቤቶቻቸውም ተከትለው ተነሡ። ‹‹በእግዜር›› የሚል ጠፍቶ ሦስት ሽማግሌዎች ለባዶ በር ቆመው ቀሩ። ዜና አንባቢው እንደሆነ ባስረዳቸው፣ አማቴ ስክሪኑንና በሩን እያፈራረቁ ተመልክተው ‹‹ታዲያ ፊቱ እዚህ ሆኖ አፉ ለምን በጓሮ ዞረ?›› ሲሉ ጠየቁኝ።

መልስ አልነበረኝም፤ መልሱ ያለው እርስዎ ዘንድ ነውና። 5.1 የተባለው ሥርዓት የግራ፣ የቀኝ፣ የመሐልና ሁለት የኋላ ድምፆች ለየብቻቸው ተቀርጸው፣ ነጥብ አንዷ ደግሞ ለቤዙ ብቻ ተለይታ ሲመጡ የሚሠራ ነው፤ የሰው ንግግር በአብዛኛው የመሐሉ ስፒከር ድርሻ ነው። በዲሽ የምናያቸው ቻናሎቻችን በአብዛኛው የሚልኩልን ግን ግራና ቀኝ ብቻ ነው። እርስዎ የታተሙበት መሣሪያ በሁለት ሽቦ የገባለትን ድምፅ አባዝቶ ለአምስቱም እኩል ያድላል፤ ስለዚህ ዜና አንባቢው በአንድ ጊዜ በፊት በር፣ በጓዳና በመስኮት ይገባል። ይህን ‹‹ሰራውንድ›› ብሎ የሰየመው ሰው መክበቡን አልካደም፤ እኛ ተከብበናል።

ዜናው አልቆ ድራማ ሲጀምር ደግሞ ተዋንያኑ የሚናገሩትን ከመካከላችን የሰማ አልነበረም። በር ሲዘጋ ግን ቤዙ ወለሉን ያንቀጠቅጠዋል፤ መኪና ሲያልፍ በጠረጴዛው ላይ የተቀመጡት ብርሌዎች ይንጫጫሉ። ‹‹ምን አለ?›› ይላሉ አማቴ፤ ‹‹እኔ እንጃ›› እላለሁ። በዚህ መካከል መብራት ሄደ፤ የምሬን ነው፣ ተመስገን አልሁ።

ሲመለስ መሣሪያው ዝቅ አድርጌለት የነበረውን ድምፅ ረስቶ በራሱ መጠን ተነሣ፤ በመጀመሪያም አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ብሉቱዝ መከፈቱን ቤቱን በሚያናጋ ድምፅ አወጀች። መሣሪያው የምሥጢር ቁጥር አይጠይቅም፤ አንድ ጊዜ የተዋወቀውን ስልክ ሁሉ ባገኘው ቁጥር በፍቅር ይቀበላል። ሽቦውን በመዘርጋት ያገዘኝ የጎረቤቴ ልጅ ስልክ ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ነበር። ልጁ የመጣለትን የድምፅ መልእክት ሲከፍት፣ በሳሎኔ በአምስቱም አቅጣጫ አንዲት ወጣት ሴት ‹‹የኔ ፍቅር፣ ትናንት ማታ ለምን ጠፋህብኝ?›› አለች። ክቡር 12,000 ዋት፣ በዚያ ቀን ከቤቴ ጥርት ብሎ የተሰማው ብቸኛ ዓረፍተ ነገር ይህ ነበር። ባለቤቴ ወደ እኔ አየች። አማቴም ወደ እኔ አዩ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግን ጨዋዎች ናቸውና ወደ ጣሪያው አዩ። እኔ ስለ ብሉቱዝ አሠራር ለማስረዳት አፌን ከፈትሁ፤ ከሚስቱ አባት ፊት ቆሞ ስለ ብሉቱዝ ያስረዳ ሰው ካለ ንጹሕ መስሎ ለመታየት ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል። በመጨረሻ አማቴ ‹‹ልጄ፣ ቴሌቪዥኑ የራሱ አፍ የለውም?›› አሉኝ። ነበረው። የመሣሪያውን ሶኬት ስነቅል በቴሌቪዥኑ በራሱ ትንንሽ ስፒከሮች ድራማውን እስከ መጨረሻው ሰሙ።

እንግዲህ ወደ እርስዎ ማንነት ልመለስ። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው። እርስዎ እውነተኛ ቢሆኑ ኖሮ ከ54 አምፔር በላይ ይስቡ ነበር፤ የግድግዳው ሶኬት የሚችለው ግን ቢበዛ 16 ነው። በሌላ አነጋገር፣ እርስዎ ሥራ በጀመሩ ቁጥር አራት የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንዲት ቀጭን ገመድ ላይ እንደተጣደ ያህል ነበርና ሽቦው ቀልጦ፣ የሞላነው ካርድም ዜናው ሳያልቅ ባለቀ ነበር። እርስዎ ግን አይሞቁም። ለምን እንደማይሞቁ የተረዳሁት መሣሪያውን ገልብጬ ከጀርባው የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት ሳነብ ነው፤ በፊደሏ ደቃቅነት ማፈሯ ያስታውቃል፣ 60 ዋት ትላለች። ስልሳ በልቶ አሥራ ሁለት ሺህ የሚያወጣ ፍጡር በደብረ ማርቆስ ቢገኝ ኖሮ በዓባይ ላይ ግድብ መሥራት ባላስፈለገም ነበር። ያውም ከስልሳው ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ስለሚጠፋ፣ የተረፈውን አምስቱ ስፒከርና ቤዙ ይከፋፈሉታል።

ከስምዎ ኋላ ‹‹ፒኤምፒኦ›› የሚል ማዕረግ ተጽፏል። ይህ ማዕረግ በየትኛውም የታወቀ ደረጃ የማይለካ፣ አታሚው ደስ ባለው ቁጥር የሚሾመው ነው። ያለማቋረጥ ሊሰጥ የሚችለውን እውነተኛ ጉልበት የሚናገረው ‹‹አርኤምኤስ›› የሚባለው ነው፤ እርሱ ግን በካርቶንዎ ላይ የትም የለም።

ሪሞትዎን በተመለከተ፣ ቁልፎቹ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የሚሠሩት ለሚወዱት ሰው ብቻ ነው። የኋላ ስፒከሮቹን ሽቦ የለካው ሰው የሚኖረው ሳሎን ሳይሆን ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ስለ ሰማያዊ መብራትዎ ምንም አልልም።

ሻጩ ዘንድ ግን ትንሽ ልቆይ። ሁላችሁም የምታውቁት ሱቅ ነው፤ ከደጃፉ ዘፈኑ መንገደኛውን ያደነቁራል፣ ከውስጥ ‹‹የተሸጠ ዕቃ አይመለስም›› የሚል ወረቀት ተሰቅሏል። ስለ ንግግር ጥራት ስትጠይቀው ፍላሽ ሰክቶ ዘፈን ያስጮህልሃል፤ ‹‹ዜና አሰማኝ›› ስትለው እንደ እብድ ያይሃል። የቴሌቪዥኔ ጀርባ የኦፕቲካል ቀዳዳ አለው፤ የጃፓኑ ቶሺባ በፈረንጆቹ 1983 ያወጣው፣ 5.1 ድምፅን በብርሃን የሚያስተላልፍ መንገድ ነው። በዚያው አቆጣጠር ከ2009 ወዲህ ደግሞ በኤችዲኤምአይ ገመድ በኩል ድምፅን ከቴሌቪዥኑ ወደ መሣሪያው የሚመልስ ኤአርሲ የሚባል አለ። የእርስዎ መሣሪያ ከሁለቱ የትኛውን እንዳለው ብጠይቅ ሻጩ ጣቱን በእርስዎ ላይ አሳርፎ ‹‹12,000 እኮ ነው!›› አለኝ። ስለ ሽቦው ርዝመት ብጠይቅ እርስዎን አሳየኝ። ስለ ዋስትና ብጠይቅም እርስዎን አሳየኝ።

ይህን ገንዘብ የሚያወጣው ማን እንደሆነ ያውቃሉ? መምህር ነው፤ ነርስ ናት፤ ጤፉን ሸጦ ልጆቹን በበዓል ላስደስት ብሎ ከቢቸና አውቶቡስ ተሳፍሮ የመጣ ገበሬ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል፤ በካርቶኑ ላይ ከኪሎው በቀር ትክክለኛ መረጃ የለም። ደግሞም ውሸቱ አያስፈልግም ነበር። ለአንድ ተራ ሳሎን በየስፒከሩ አሥር ሐቀኛ ዋት ይበቃል፤ ጉልበቱ በእጥፍ ቢጨምር እንኳ ጆሮ የሚሰማው ልዩነት ጥቂት ነው። በዚያው ገንዘብ ንግግርን አጥርተው የሚያሰሙ ሁለት ደኅና ስፒከሮች፣ ወይም ኦፕቲካል ያለው፣ ሳውንድባር የሚባል ከቴሌቪዥን ሥር የሚጋደም አጭር ስፒከር ሊሠራ ይቻል ነበር። የተሠራው ግን ስድስት ባዶ ሣጥንና አንድ ቁጥር ነው። ስድስቱን የሠራው ፋብሪካ፣ ያስመጣው ነጋዴ፣ የሸጠው ባለ ሱቅ ሁሉም ያውቁ ነበር። የማያውቀው የከፈለው ብቻ ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ከ60 ዋት ወደ 12,000 በምን ያህል ጊዜ፣ በማን ፈቃድና በምን መሥፈርት እንዳደጉ በጽሑፍ እንዲያስረዱ፣ ይህም እስኪሆን ድረስ ከካርቶን፣ ከባነርና ከሻጭ ጣት ሥር እንዲታገዱ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአስመጪው፣ ቀጣዩ ካርቶን 20,000 ከመባሉ በፊት እንዲደርሰው
ለቤቴ ቆጣሪ፣ ክቡር 12,000 ዋት የተባሉ እንግዳ በበሩ አልፈው ያውቁ እንደሆነ እንዲመሰክር