ክዳኑ መሬት ላይ ከወደቀ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው

እስቲ ዛሬ ልተንፍስ። ካልተነፈስኩ እፈነዳለሁ። በዚህ በሆዴ መጠን ደግሞ ብፈነዳ ጉዳቱ ለጎረቤትም ይተርፋል።

33ኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። የመጀመሪያ ልጄ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ዕቃ ሳጥብ የትንሿ ድስት ክዳን ከእጄ አመለጠ፣ ተንከባለለ፣ ሁለቴ ዞረና የማጀቱ በር አጠገብ ጋደም አለ። አየሁት። እሱም ያየኝ መሰለኝ። ጎንበስ ልበል ብዬ ሞከርኩ፣ ሆዴ እምቢ አለ። በጉልበቴ ልውረድ ብል ደግሞ መውረዱ አይደለም ጭንቁ፣ መነሳቱ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ካልሲ ላነሳ ወርጄ፣ አልጋውን ይዤ፣ ወንበሩን ይዤ፣ የበሩን እጀታ ይዤ ነው የተነሳሁት። ከተነሳሁ በኋላ ካልሲዋን እዚያው ረስቻታለሁ። እና ክዳኑን ተውኩት። ቆይ ማን እንደሚያነሳው እናያለን አልኩ።

ይኸው አራተኛ ቀኑ።

ባሌ በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ይረማመደዋል። እህቴ መጥታ በእግሯ ጫፍ ወደ ግድግዳው ገፋ አድርጋው አለፈች። አማቴ ደግሞ እሁድ መጥተው ነበር፤ ቆም ብለው አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ፣ "ቤቱም ደክሞታል መሰል" ብለው ሳሎን ገቡ። ሦስቱም ግን ከመሄዳቸው በፊት አንድ ዓይነት ነገር ነው የነገሩኝ። "እረፊ እንጂ።"

እናንተዬ፣ ይቺን "እረፊ" የምትባል ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደምሰማት ብነግራችሁ አታምኑኝም። ሳጥብ እረፊ። ስጠርግ እረፊ። ቆሜ ውሃ ስጠጣ ራሱ እረፊ። እሺ፣ ልረፍ። ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ እንበል። ከተቀመጥኩበት የሚታየኝ ምንድን ነው? ያልታጠፈ የልብስ ክምር፣ በጣት ስም የሚጻፍበት አቧራ የለበሰ ጠረጴዛ፣ አንገቴን ትንሽ ካዞርኩ ደግሞ ያ ክዳን። እረፊ ያሉኝ ሰዎች አጠገቤ ተቀምጠው አብረውኝ ያርፋሉ። ሁላችንም ካረፍን ማን ይሥራው? ትንሽ ቆይቼ እኔው እነሳለሁ። ስነሳ ደግሞ ምን ይሉኛል መሰላችሁ? "አንቺ ግን ምክር አትሰሚም!"

ለእኔ እረፍት ማለት የእኔን ሥራ ሌላ ሰው ተነስቶ ሲሠራልኝ ነው። በቃ። ሌላ ትርጉም የለውም። ሥራው እዚያው ቁጭ ብሎ እኔ አጠገቡ ብጋደም፣ እሱ መጠባበቅ ነው።

"ምን ሠርተሽ ደከመሽ?" የሚልም አይጠፋም። አለ አንድ ዘመድ፣ ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል። ወንድሜ፣ እኔ ቁጭ ብዬም ሥራ ላይ ነኝ። በእርግዝና ጊዜ የሰው ደም ወደ ግማሽ በሚጠጋ መጠን ይጨምራል፣ ልብ ያን ሁሉ እየገፋች ነው የምትውለው። ኩላሊትም ከወትሮው ግማሽ ያህል ጨምሮ ያጣራል። ፕሮጄስትሮን የሚባል ሆርሞን አለ፣ ጡንቻውን ሁሉ ሲያላላ የጨጓራዬን አፍም አብሮ አላልቶት ምሳ የበላሁት እስከ ማታ ጉሮሮዬ ላይ ቃር ሆኖ ያመሻል። ልጁ ደግሞ ፊኛዬ ላይ ተደላድሏል። ተኝቼ እነሳለሁ፣ ሽንት ቤት ደርሼ እመለሳለሁ፣ ጎኔን ይዤ እተኛለሁ፣ ልክ ዓይኔ ሲከደን እሱ ይነቃል። ቀን ስንቀሳቀስ እሹሩሩ የተባለ ያህል ተኝቶ ይውልና ማታ ጋደም ስል ኳስ ይጀምራል። ጠዋት ባሌ "ደህና አደርሽ?" ይለኛል። ምን ልበለው?

የሚገርመው ነገር ምን መሰላችሁ፣ እረፍት እጅግ በጣም ያስፈልገኝ የነበረው አሁን አይደለም። መጀመሪያ ላይ ነበር። ከስድስተኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ አሥራ አራተኛው ድረስ ማቅለሽለሹ ሊገለኝ ነበር። ፍሪጁን መክፈት አልችልም። የዕቃ ማጠቢያው ስፖንጅ ሽታ፣ ማንም የማይሸተው ሽታ፣ እኔን ከማጀት አስወጥቶ መታጠቢያ ቤት ያንበረክከኛል። ሽንኩርት ስጠብስ አፍንጫዬን በልብስ መቆንጠጫ ይዤ የሠራሁበት ቀን አለ፣ እውነቴን ነው። ያኔ ግን ሆዴ አልታየም። ለሰውም ገና አልተናገርንም። ስለዚህ ማንም እረፊ አላለኝም። "ምነው ሰሞኑን ሰነፍሽ?" ያለችኝ ግን አለች። ሆዴ ሲገፋ ማቅለሽለሹ ለቀቀኝ፣ ሰው ሁሉ ያኔ ነው አዛኝ የሆነው። ለካ ሰው የሚያዝነው ለሚያየው ነው።

አሁን ወደ ባሌ ልምጣ። ባሌን ላማው አይደለም። መልካም ሰው ነው፣ ይወደኛል፣ ለሆዴ ማታ ማታ ያወራለታል፣ ስለ ኳስ ቢሆንም ያወራለታል። ግን አንድ ነገር አለው፤ "ንገሪኝ እንጂ እሠራለሁ" ይላል። ንገሪኝ! የቤቱ አለቃ አደረገኝ እኮ። እኔ የምፈልገው ማጠቢያው ውስጥ ዕቃ ሲያይ ማጠብ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ነው። ማየት፣ ማሰብ፣ ማስታወስ፣ መመደብ፣ ከዚያ አዝዞ መከታተል፣ ይሄ ሁሉ የእኔ ሆኖ እሱ እጁን ብቻ ያዋጣል። እጁንም ስጠይቅ ነው። ስደጋግም ደግሞ "ነዘነዝሽኝ" ይመጣል። ሳልነግር ብቀር "ለምን አልነገርሽኝም?" ብነግር "ነዘነዝሽኝ።" የቱን ልያዝ?

ባለፈው ሳምንት "ዛሬ ልብስ እኔ አጥባለሁ፣ አንቺ ተኚ" አለኝ። ደስ አለኝ፣ ተኛሁ። አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። "ሳሙናው የት ነው?" ነገርኩት። ተዘጋ። ተከፈተ። "ነጩንና ባለ ቀለሙን እለያለሁ እንዴ?" አዎ አልኩት፣ ለይ። ተዘጋ። ለሦስተኛ ጊዜ ተከፈተ። "ተኝተሻል እንዴ?" አይ የኔ ጌታ፣ አንተን እየጠበቅኩ ነው። በመጨረሻ ሲያወጣው ምን አደረገ መሰላችሁ፣ ለልጁ የተሰጡትን ነጫጭ ልብሶች "ትንንሽ ስለሆኑ የትም ይገባሉ" ብሎ ከአዲሱ ጂንስ ሱሪው ጋር ከትቷቸዋል። ልጃችን ገና ሳይወለድ ሙሉ ልብሱ ሰማያዊ ሆነ። ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ ከዚያ እያለቀስኩ ሳቅኩ። ሆርሞን ነው አለኝ። ሆርሞን አይደለም፣ ጂንስ ነው!

ሌላ ቀን ደግሞ መታጠቢያ ቤቱን ላጽዳ ብሎ ገባ። ነፍሴ ፈራች፣ ተከትዬው ሄድኩ። በአንድ እጁ በረኪና፣ በሌላው አሲድ ያለበት የሽንት ቤት ማጽጃ ይዞ አንድ ባልዲ ላይ ሊያጋጥማቸው ነው። "ሁለቱ ሲሆኑ ይበረታሉ ብዬ ነው" ይላል። አዎ ይበረታሉ! የክሎሪን ጋዝ ነው የሚወጣቸው፣ ለእርጉዝም ለማንም ሳንባ አይሆንም። ኧረ እባካችሁ ሁለቱን በፍጹም እንዳታገናኙ፣ ይሄን ብሶት ትታችሁ ይቺን ብቻ ብትይዙም ይበቃኛል። ያን ቀን ጮኬ ነው ያስቆምኩት፣ ልጁም ደንግጦ ነው መሰለኝ ረገጠኝ።

ምክር ሰጪዎቹን ረሳኋቸው። ልብስ ላሰጣ እጄን ወደ ገመዱ ስዘረጋ ጎረቤቴ ከመስኮት "ኧረ እጅሽን አታንሺ! እትብቱ አንገቱ ላይ ይጠመጠማል!" ትለኛለች። ሐኪሟን ጠየቅኳት። እትብት የሚጠመጠመው ልጁ ራሱ ሆድ ውስጥ ሲገለባበጥ ነው፣ ከእናትየው እጅ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ከአራት ወይም ከአምስት ወሊድ በአንዱ ያጋጥማል፣ አብዛኛውን ጊዜም ጉዳት የለውም አለችኝ። ግን እሺ፣ ጎረቤቴ ልክ ናት እንበል። እጅሽን አታንሺ ካልሽኝ ወርደሽ አታሰጪልኝም? ልብሱ በምን ይሰጣ፣ በጥርሴ?

ሌላው ደግሞ "ለሁለት ነው የምትበዪው" ብሎ ሳህኔን ይቆልላል። ሁለተኛው ሰው እኮ ገና ሁለት ኪሎ ምናምን ነው። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት የሚያስፈልገው ጭማሪ በቀን 450 ካሎሪ ገደማ ነው፣ ሁለተኛ ምሳ አይደለም። በዚያ ላይ ጨጓራዬ ቦታው ተወስዶበት ጥጉን ይዞ ተቀምጧል። ቆልለህ ከሰጠኸኝ በኋላ ሳህኑን የሚያጥበው ማን ነው? እሱን ንገረኝ።

የልጁ አልጋስ? ተገጥሞ ካለቀ ወር ሆነው። አሁን መጋዘን ነው። ውስጡ ስድስት ትራስ አለ፣ ሁሉም ስጦታ፤ ባለ ልብ፣ ባለ ጥንቸል፣ አንዱማ ከእኔ ትራስ ይበልጣል። ሕፃን ደግሞ የሚተኛው በጀርባው፣ ጠፍጣፋና ጠንከር ያለ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ምንም ትራስ ነው፤ እንዳይታፈን። ስለዚህ ትራሶቹን የማስቀምጥበት ቦታ ፈልጌ፣ ቁም ሳጥን ከፍቼ፣ ያንንም አራግፌ፣ አዲስ ክምር ፈጠርኩ። ለአዲስ የተወለደ የሚሆን ልብስም ሃያ አንድ ቆጥሬያለሁ። ከሳምንታት በኋላ አይገባውም። ስጦታ አይናቅም፣ አውቃለሁ፣ ምስጋና ቢስ አትበሉኝ። ግን ምን እንደሚያስፈልገኝ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር፣ አንድ ቅዳሜ መጥታችሁ ወለሉን ወልውሉልኝ እለው ነበር። ወረቀት አይጠቀለልበት፣ ሪባን አይታሰርበት።

በዚህ መሃል ስልኩ አያርፍም። "ወለድሽ?" አልወለድኩም። "መቼ ነው ቀኑ?" ቀኑን ብነግራቸው የአውሮፕላን ሰዓት ይመስላቸዋል። 40 ሳምንት የሚቆጠረው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው፣ ማለትም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሆዴ ውስጥ ማንም አልነበረም። በተባለለት ቀን የሚወለደው ደግሞ ከመቶ አምስት ያህሉ ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ይሁን ሐሙስ እኔም አላውቅም፣ ስወልድ ትሰማላችሁ፣ እስከዚያ ደውለህ ከምትጠይቀኝ መጥተህ ቆሻሻውን ብታወጣልኝ ይሻላል።

"አሁን ተኚ፣ ከወለድሽ በኋላ እንቅልፍ የለም" የሚሉኝም አሉ። ይሄ ማጽናኛ ነው? አዲስ የተወለደ ልጅ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ እንደሚጠባ አንብቤያለሁ። የተኛ ሲመስል ይነቃል፣ ሲነቃ ዳይፐር አለ። ይሄን ሳስበው ነው እኮ አሁኑኑ የሚያስጨንቀኝ። አሁን "ሳሙናው የት ነው?" የሚል ሰው፣ ያን ጊዜ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምን ብሎ ሊቀሰቅሰኝ ነው? ልጁ የት ነው?

ትናንት ማታ ቁጭ አድርጌ ነገርኩት። ሳልጮህ፣ ሳላለቅስ። ወጥ ቤቱ ያንተ ነው አልኩት፣ እስክወልድም ከወለድኩም በኋላ። ምን እንዳለቀ አንተ እወቅ፣ መቼ እንደሚታጠብ አንተ ወስን፣ እኔን አትጠይቀኝ። ዝም ብሎ ሰማኝ። "ልክ ነሽ፣ አላስተዋልኩም ነበር" አለ። እጄን ያዘኝ። እውነት ለመናገር ልቤ ቀለለኝ። ክዳኑን ግን አላነሳሁበትም። እሱን ሆን ብዬ ነው የተውኩት፣ ይፈተን ብዬ።

አሁን ይሄን እየጻፍኩ ሶፋው ላይ ነኝ። ከማጀት የውሃ ድምፅ ይሰማል። ቀና ብዬ አየሁ፣ በሩ አጠገብ ክዳኑ የለም። አልዋሻችሁም፣ እንባዬ መጣ። ባሌ እጁን እያደረቀ ወጣና "ክዳኗን አገኘኋት፣ አጥቤ ቦታዋ መለስኳት፣ ሳልጠይቅሽ!" አለኝ፣ ፊቱ በርቶ።

ቦታዋ ከሁሉም በታች ያለው መሳቢያ ውስጥ፣ ከትልልቆቹ ድስቶች ኋላ ነው።