«ውስጥ ሰው አለህ?»

ወገኖቼ፣ ባለፈው ማክሰኞ ያደረግሁትን ልንገራችሁ፤ ከዚያ በኋላ ተቆጡኝ።

በሰፈራችን አንዲት እናት አሉ። ባለፈው ወር ባለቤታቸው ሲያርፉ ድንኳኑን የተከልነው፣ አስከሬኑን ቤተ ክርስቲያን ያደረስነው እኛ የዕድሩ ልጆች ነን። የቃሬዛውን አንዱን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እትዬ ለጡረታው የሞት ምስክር ወረቀት ሊያወጡ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምረው ወረዳው በር ላይ ተሰልፈዋል። እኔ መታወቂያ ላሳድስ 4 ሰዓት ላይ ደረስኩ። ሰልፉን አየሁ፣ እሳቸውንም አየሁ። ስልኬን አወጣሁና ውስጥ ለሚሠራ አብሮ አደጌ ደወልኩ። በጓሮ በር ገባሁ፤ ሃያ ደቂቃም አልፈጀብኝ። ስወጣ ጥበቃው «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሱ» እያለ ሰልፉን ይበትናል።

ቢሰድቡኝ በቀለለኝ። እጄን ያዝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ውስጥ ሰው አለህ ለካ! ለእኔም ንገርልኝ» አሉኝ።

ይህን ነው ለራሴ ይቅር ማለት ያቃተኝ። በዚያ ብርድ የቆሙት ተራዬ ይደርሳል ብለው አምነው ነው። ያቺን እምነት በሃያ ደቂቃ ከእጃቸው ነጠቅኳቸው።

ማታ ቡና ላይ ተቀምጠን ግን «መንግሥት አይታመንም» እንላለን። ለማለትማ ምክንያት አናጣም፤ በሐምሌ 2014 የአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ያልቆጠቡ ሰዎች ገብተውበት ተገኝቶ ሲሰረዝ ዓመታት የቆጠበ ሰው አንጀቱ አሯል። ያኔ ከተናደድነው መካከል «ምነው እዚያ ቢሮ የማውቀው ሰው በኖረኝ» ያላልን ስንቶቻችን ነን?

ዕድራችንን እዩት። ለሀብታሙም ለድሃውም ያው ድንኳን፣ ያው ብር ነው። ዳኛው ራሱ ቀብር ከቀረ ይቀጣል፤ ሂሳቡ በጉባኤ ፊት ይነበባል። ለዚህ ነው ሳንጠየቅ ወርሃዊውን የምንከፍለው። ታዲያ ይህን ሥርዓት የምናውቅ ሰዎች ወረዳው በር ላይ ስንደርስ ምን ይነካናል? ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠውም የእኛው ልጅ፣ የእኛው ዕድርተኛ ነው እኮ! «ተራህን ጠብቅ» ያለን ቀን «ወንበር ሲያገኝ ወገኑን ከዳ» ብለን ስሙን እናጠፋዋለን። አብሮ አደጌ የዚያን ዕለት እምቢ ቢለኝ ኖሮ ዛሬ ሰላም አልለውም ነበር። እሱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እናንተም የየራሳችሁን ታውቃላችሁ።

እባካችሁ፣ ቢሮ የገቡ ወዳጆቻችሁን ተዉአቸው። ደንቡን አክብረው ሲመልሷችሁ አትቀየሟቸው።

እትዬ ረቡዕም ሄደው ነበር፤ አልደረሳቸውም። ሰኞ በ12 ሰዓት አብሬያቸው ልሰለፍ ነው፤ ስልኬንም ቤት ትቼ እንደምመጣ ነግሬያቸዋለሁ። እሳቸው ግን እስከ ትናንት ማታ ድረስ «ኧረ አትድከም ልጄ፣ አንድ ስልክ ብቻ ደውልልኝ» እያሉኝ ነው።