የቱርኩን ርዕደ መሬት አስቀድሞ ያወቀ ሰው ነበር?

ስለ 2023 እ.ኤ.አ. ታላላቅ ክስተቶች ስንነጋገር ብዙዎቻችሁ «የቱርክና የሶሪያን መንቀጥቀጥ አንድ የኔዘርላንድስ ሰው ከፕላኔቶች አሰላለፍ ተነስቶ ከሦስት ቀን በፊት ተናግሮ ነበር፤ ሰሚ አጣ እንጂ» ብላችኋል።

ሰውየው መጻፉ እውነት ነው። የጻፈው ጥር 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲሆን አደጋው የደረሰው ጥር 29 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ17 ላይ ነው። ጽሑፉን ግን አንብቡት፦ ይዋል ይደር እንጂ በደቡብ መካከለኛ ቱርክ፣ በዮርዳኖስ፣ በሶሪያና በሊባኖስ አካባቢ 7.5 ገደማ የሚለካ ርዕደ መሬት ይደርሳል ነው የሚለው። ቀን የለውም። አራት አገር የሚጠቅስና ቀን ያልተቆረጠለት ቃል ይዞ የትኛውን ከተማ፣ በየትኛው ሌሊት ማስወጣት ይቻል ነበር? አካባቢው የመሬት ቅርፊቶች የሚፋተጉበት በመሆኑ አደጋ እንደሚያሰጋው ተመራማሪዎች ቀድሞም ያውቁ ነበር። ቀኑንና ሰዓቱን ግን እስካሁን ማንም መናገር አልቻለም።

ማረጋገጥ የሚፈልግ የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት ተቋምን ድረ ገጽ ይክፈት። ትንበያ የሚባለው ቀንና ሰዓቱን፣ ቦታውንና መጠኑን ሦስቱንም ሲናገር እንደሆነ፣ ታላቅ ርዕደ መሬትንም እንዲህ የተነበየ ሳይንቲስት እንደሌለ በግልጽ አስፍሯል።

ይህን የምጽፈው ስህተቱ ሕይወት ስለሚነካ ነው። በዚያ አደጋ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ሲያልቅ ብዙው የሞተው በላዩ በተደረመሰ ሕንፃ ነው። «የሚያውቅ ሰው ነበር» ስንል ስለ ግንባታው ጥራት መጠየቅ እንተዋለን። እኛም ስምጥ ሸለቆ ላይ ነን፤ በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ቀን ቆርጦ የሚያስፈራራ መልእክት ከደረሳችሁ እባካችሁ አታጋሩት።