ይድረስ ለመኪናዬ ሞተር ቁጥር፣ ባለህበት

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከደብረ ብርሃን ብርድና ከአንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ።

ደብዳቤውን መጀመሪያ «እርስዎ» ብዬ ነበር የጀመርኩት። ከዚያ ሳስበው፣ አርባ ዓመት ዘይትና አቧራ ተከናንቦ ጥግ ይዞ ለተኛ፣ ስሙን ሲጠየቅ ለማይመልስ ቁጥር አንቱታ ምን ይሠራል? አንተ ልበልህ።

ነገሩን ሳትሰማ አትቀርም፣ አጠገብህ ነው የሆነው። ከሸዋ ሮቢት ስመለስ ደብረ ሲና ቆሎ ልገዛ ቆምኩ። ስነሣ መኪናዋ ነጭ ጭስ ለቀቀች። ውሃዋን ጠጥታ ጨርሳለች። ከዚያ በአይሱዙ ገመድ ተጎትታ፣ የጣርማበርን ዳገት እንደ ሙሽራ በሰው ጉልበት ወጥታ፣ ደብረ ብርሃን ገባች። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ አንዴ አየና «ቴስታታ ጓርኒሲዮን በልታለች» አለ፤ በሞተሩ ራስ፣ በቴስታታው፣ ሥር ያለው ማሸጊያ ተበልቷል ማለቱ ነው። እሺ። «የምን ሞተር ናት?»

«ዲኤክስ» አልኩ በኩራት።

ሳቀብኝ። ዲኤክስ ለካ የሞተር ስም አይደለም። የመኪናዋ ደረጃ ነው፣ የወንበሯና የጌጧ ነገር። እኔ ግን ስንት ዓመት «ሞተሯ ዲኤክስ ነው» እያልኩ ሳወራ ኖሬያለሁ፤ «የማን ልጅ ነህ?» ሲሉት «ኮቴ ሱፍ ነው» እንደሚል ሰው።

መኪናዋ ኮሮላ ናት፣ በፈረንጆቹ 1983፣ በእኛ 1975 ብቅ ያለው ትውልድ። ቶዮታ ስም ሲያወጣ ጨዋ ነው። የሞዴሉ የመጀመሪያ ፊደል የሞተሩን ቤተሰብ ይነግርሃል፣ ሁለተኛው «ኢ» ኮሮላ ናት ይልሃል፣ ቁጥሩ ትውልዷን። ኬኢ70 የኬ ሞተር፣ ሲኢ80 የሲ ናፍጣ፣ ኤኢ80 የኤ፣ ኢኢ80 የኢ። መንዝ ውስጥ ርስት ለመጠየቅ አያት ቅድመ አያቱን እየቆጠረ እስከ አቅኚው አባት ይወጣ የነበረ ሰው የልጅ ልጅ ነኝ፤ ሁለት ፊደል ማንበብ ያቅተኛል?

አቃተኝ። ያ ሞዴል የተጻፈበት ሰሌዳ፣ ከሞተሩ ጀርባ ግድግዳው ላይ ያለው፣ ከመኪናዋ ጋር አብሮ ቀለም ተቀብቷል። ቀለም ቀቢው ትጉህ ነበር። ሊብሬውን አወጣሁ። ለአራት ታጥፎ የኖረ ሊብሬ ነው፣ እጥፋቱ ደግሞ በየት ቢያልፍ ጥሩ ነው? በአንተ ላይ! «2» ይነበባል፣ ከዚያ ወዲያ ቀዳዳ ነው። ቢጨንቀኝ ሲሲውን፣ የሞተሩን መጠን፣ አየሁ፣ 1295። ደስ አለኝ። ደስታዬ የቆየው መካኒኩ አፉን እስኪከፍት ነው። ያ ትውልድ 2ኤ የሚባል ሞተር አለው፣ 1295 ሲሲ። 2ኢ የሚባልም አለው፣ እሱም 1295 ሲሲ። የ2ኤ ፒስተን 76 ሚሊሜትር ይሰፋል፣ የ2ኢ 73። 2ኤ ስምንት ቫልቭ፣ 2ኢ አሥራ ሁለት። ቴስታታቸው አይገናኝ፣ ጓርኒሲዮናቸው አይገናኝ፣ ሲሲ ላይ ሲደርሱ ግን እኩል ወጡ። ጃፓኖቹን ምን እንዳደረግኳቸው አላውቅም።

አንተ ዝም ስላልክ አገሩ ሁሉ ስለ አንተ ተናገረ። ጎረቤቴ «4ኬ ነው፣ አትልፋ፣ ድምፁን አውቀዋለሁ» አለ። 4ኬ ያለፈው ትውልድ ሞተር ነው፣ ያቺኛዋን የሚነዳት የኋላ ጎማ ነው፣ የእኔን የሚጎትታት የፊቱ። ይህን ብነግረው «እሱ ሌላ ነገር ነው» ብሎ ሄደ። አንድ የድሮ ሾፌር ደግሞ ሳይንሱን በጣርማበር ነው የሚለካው፤ በሁለተኛ ማርሽ ከወጣች ባለ 1.3 ሊትር ናት፣ በሦስተኛ ከወጣች ባለ 1.6። ጋሼ፣ ከሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ግድም ተነስቶ ከ3,000 በላይ ሲወጣ የካርቡራተር ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ጉልበቱን እየጣለ ነው፣ እንኳን መኪናዋ እኔም እዚያ ስደርስ ሁለተኛ ማርሽ ነኝ። ግን ለማን ይነገራል።

ከሁሉ የከፋው መርካቶ፣ የመኪና ዕቃ መሸጫው ሶማሌ ተራ መደወል ነው። ሻጩ «ኤ ነው ኢ?» ይለኛል። «ኢ መሰለኝ» እላለሁ። «ኤ?» «ኢ!» «ኢ እንደ ኢትዮጵያ ወይስ ኤ እንደ አዲስ አበባ?» መርካቶ ጫጫታ፣ ደብረ ብርሃን ኔትወርክ፣ መሃል ላይ 130 ኪሎ ሜትር። በሦስተኛው ቀን የቅጥቅጥ ረዳት ጓርኒሲዮኑን በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣልኝ። እንደ አዲስ አበባ ሆኖ መጣ። መካኒኩ ቴስታታውን አውርዶ ቢገጥመው ቀዳዳ ከቀዳዳ አልተያየም። የወረደው ቴስታታ ላይ አሥራ ሁለት ቫልቭ ተደርድሮ ያየናል። የላይኛውን ክዳን ከፍቶ ማየት የትንሽ ደቂቃ ሥራ ነበር፤ ክርክሩ ጣፍጦን ማንም አላሰበውም። እኔም ጭምር።

ሁለተኛውን ስልክ እንደ ኢትዮጵያ ብዬ ዘጋሁት። አንተን ግን አልለቅህም አልኩ። ናፍጣ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ከእህቴ ልጅ ቦርሳ የተወሰደ ጠመኔ። በደብረ ብርሃን የጠዋት ብርድ፣ እጄ ደንዝዞ፣ ስልኬን ባትሪ አድርጌ አንድ ሰዓት ሙሉ ብሎኩን ፈገፈግኩ። ጠመኔውን ሳሽበት ወጣህ። 2ኢ፣ ቀጥሎ ቁጥርህ፣ አንድም አኃዝ ሳይጎድል። እንደዚህ ቆንጆ ሆነህ ነው የተደበቅከው?

እዚህ ላይ ባቆም ሰላም ነበር። እጄ ገብቶለታልና የሰሌዳውንም ቀለም ላጥኩት። ኤኢ80። ኤ! የ2ኤ ቤት፣ ውስጡ የተቀመጠው 2ኢ።

መኪናዋን የሰጡኝ ጋሼ፣ የእናቴ ወንድም፣ «ሞተሯ አልተነካም» ብለው ነው የሰጡኝ። ደወልኩ። «ጋሼ፣ ሞተሯ የራሷ ነው ወይ?» «የራሷ ነው እንጂ!» «እርግጠኛ ነዎት?» ዝም አሉ። «እሱማ አንዴ ነክሶ፣ አልዞር ብሎ፣ ቀይሬዋለሁ። ያም የኮሮላ ነው ልጄ፣ ምን ልዩነት አለው?» አልተነካም እንጂ ነክሷል ማለት ነው። ያቺ የሊብሬ ቀዳዳ በእጥፋት ብቻ የመጣች አልመሰለችኝም፤ ጋሼን ግን አልጠረጥርም፣ ትልቅ ሰው ናቸው።

ስለዚህ ቁጥር ሆይ፣ ሊብሬው እስኪስተካከልና ለቦሎ አብረን እስክንቆም ድረስ፣ እባክህ ተመልሰህ ዘይት አትከናነብ።

ከሠላምታ ጋር
እንደ ኢትዮጵያ

ግልባጭ፦ ለጋሼ፣ እንዲያውቁት።

ይህን ጽፌ ሳልጨርስ መካኒኩ ደወለ። ጓርኒሲዮኑ ልክ ገብቷል። ካርቡራተሩ ግን፣ አለ፣ የ2ኤም አይደለም፣ የ2ኢም አይደለም።