ለክቡር የአዳማ ነፋስ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፡- ሹመትዎን እያከበርን የቀድሞ ጠባይዎን እንዲተዉልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከአዳማ ከተማ ወጣ ብለው ካሉት ኮረብቶች ሥር የምናርስ ገበሬዎች፣ ምንም እንኳ ብንዘገይ፣ በቅድሚያ እንኳን ደስ ያለዎት ለማለት እንወዳለን። እርስዎ ቀድሞ ቆርቆሮ የሚገነጥሉ፣ ዓይን በአቧራ የሚሞሉ፣ የተሰጣ ልብስ ከነገመዱ ይዘው የሚሄዱ ሥራ ፈት ነበሩ፤ እናቶቻችን በር እየዘጉ ያወረዱብዎትን እርግማን እዚህ መድገሙ ከዛሬው ማዕረግዎ ጋር ስለማይሄድ እናልፈዋለን። በ2004 ዓ.ም. ግን ከእርስዎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ 34 ተርባይኖች 51 ሜጋ ዋት ይዘው ቆሙልዎት፤ በግንቦት 2007 ዓ.ም. በተመረቀው ሁለተኛው ምዕራፍ ደግሞ 102 ተርባይኖች 153 ሜጋ ዋት ጨመሩልዎትና የአገር ሀብት ተባሉ። እንዲህ ያለ ክብር ያገኘ ሰው ጥቂትም ቢሆን አመሉን ያርማል ብለን ጠብቀን ነበር።

እንዲህ ያለ ማመንጫ ከመተከሉ በፊት ባለሙያዎች በረጅም ምሰሶ ላይ መለኪያ ሰቅለው የነፋሱን ፍጥነትና አቅጣጫ ወቅት ከወቅት ይመዘግባሉ፤ ማለትም እርስዎም እንደ ማንኛውም ተሿሚ ተገምግመዋል። ለምስክርነት የጠራን የለም እንጂ፣ ከአያት ቅድመ አያት የተቀበልነውን የጠባይዎን ማኅደር ይዘን በቀረብን ነበር። ፍጥነትዎ እጥፍ ሲሆን ጉልበትዎ ስምንት እጥፍ ይሆናል የሚለውን ስሌት፣ የጎረቤታችን ጣሪያ ከማናቸውም መሐንዲስ ቀድሞ ያውቀዋል። ተርባይኖቹስ እርስዎ ከልክ በላይ ሲቆጡ ክንፋቸውን አቁመው ንዴትዎ እስኪበርድ ይጠብቃሉ፤ ቆርቆሮ ግን እንዲህ ያለ ብልሃት አልተሠራለትም።

ዋናው አቤቱታችን የአውድማው ነው። በበጋ ውኃ ከግድብ ሲቀንስ እርስዎ ስለሚበረቱ ለአገር ደጀን ነዎት ሲባል ሰምተናል፣ አልተቃወምንም። ይሁንና በዚያው በጋ፣ ጥር ላይ፣ ጤፉን በሬ አበራይቶልን፣ ገለባውን በመንሽ አንስተን፣ ላይዳችንን ይዘን ስንቆም የት እንደሚሄዱ ሊነግረን የቻለ የለም። ቀና ስንል ከኮረብታው ላይ ክንፎቹ ይዞራሉ፤ ዝቅ ስንል አውድማው ላይ የአንዲት ሴት ነጠላ ጫፍ እንኳ አይነቃነቅም። ወደ ላይ የበተንነው እህል ከነእብቁ ተመልሶ እራሳችን ላይ ይወርዳል፣ ላብ ያረጠበው አንገታችን ላይ ይለጠፍና ሌሊቱን ሙሉ ያሳክከናል። ነገሩን የጠየቅነው አንድ የተማረ ልጃችን፣ ከመሬት አጠገብ ዛፉም ቤቱም ስለሚያግደው ነፋስ እየደከመ፣ ከፍ ባለ ቁጥር ግን እየበረታ እንደሚሄድ አስረድቶናል። ገባን፤ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ታች ያለውን ለማገልገል እንደሚቸገር ከእርስዎ በፊትም አይተናል። ያልገባን፣ ተስፋ ቆርጠን ምርቱን በአንድ ላይ ሰብስበን ጆንያ ፍለጋ ፊታችንን ስናዞር ከየት እንደሚመጡ ነው፤ ያን ጊዜ እብቁን ብቻ ሳይሆን ጤፉንም ጭምር ይዘው ይሄዳሉ፤ ጤፍ ደግሞ፣ እንደሚያውቁት፣ ለመሄድ ብዙ አይለመንም።

የሕጉን ነገር በአጭሩ እናንሳ። መሬቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ እኛ የመሬት መጠቀሚያ እንከፍላለን፣ ግብርም እንገብራለን። ለልማት ሲባል መሬት የለቀቀ ገበሬ ካሳ የሚያገኝበት አዋጅ ቁጥር 455/1997 ነበር፤ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተተክቷል። እርስዎ ግን መሬት አልያዙ፣ ግብር አልከፈሉ፣ ለወሰዱት ጤፍም የሚገምትዎት ኮሚቴ አልተቋቋመ። ማማዎቹ የቆሙበት ቦታ ጠባብ እንደሆነ፣ ከእግራቸው ሥር ድረስ አርሰን እንደምንዘራ አንክድም፤ ክሳችን ከማማዎቹ ጋር አይደለም።

አንድ ነገር ግን ከማዕረግዎ ጋር ጨርሶ አልጣጣም ብሎናል። ያመነጩት ኃይል በእኛ ማሳ ላይ ተሻግሮ ወደ ብሔራዊው መረብ ይገባል፤ በከፍተኛው መስመር ላይ አምፖል ማንጠልጠል እንደማይቻል፣ ትራንስፎርመርና ዝቅተኛ መስመር እንደሚያስፈልግ፣ ይህም በዕቅድ ውስጥ እንዳለ በየጊዜው ተነግሮናል። እሺ ብለን ኩራዛችንን ለኩሰን ተቀምጠናል። ታዲያ ቀኑን ሙሉ ለማናውቀው ከተማ መብራት ሲያበሩ ውለው፣ ማታ በግድግዳችን ስንጥቅ ገብተው ልጆቻችን የሚያጠኑበትን ኩራዝ እፍ ብለው የሚያጠፉት በየትኛው የሥራ መደብ ነው? ጋዝ በውድ እንደሚገዛ፣ ክብሪትም እንደሚያልቅ አልሰሙ ይሆን?

ስለሆነም በጥር ወር ቢያንስ በቀን አንድ ሰዓት ወደ አውድማችን ዝቅ ብለው እንዲያገለግሉን፣ ልጆቹ የቤት ሥራቸውን እስኪጨርሱም በግድግዳው ስንጥቅ እንዳይገቡብን በትሕትና እንጠይቃለን። ምላሽዎን በጽሑፍ እንጠብቃለን፤ ወረቀቱን ግን እባክዎ በሰው ይላኩልን፤ አምና ለማየት የወሰዱትን የግብር ደረሰኝ እስካሁን አልመለሱልንም።

ከሰላምታ ጋር፣
ከኮረብታው ሥር ያሉ ገበሬዎች

ግልባጭ፡-
ለአቧራ፤ ከእርስዎ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ለብቻው መላክ አላስፈለገም።