እንግዳ በመጣ ቁጥር ስፔስ ኒድል?

ሲያትል ለምንኖር ሐበሾች፣ ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣ ፕሮግራሙ ይታወቃል። ስፔስ ኒድል የተባለው ረጅሙ ማማ፣ ፓይክ ፕሌስ ገበያ፣ ከዚያ ሐበሻ ሬስቶራንት። ቤተሰብ ይዞ ስፔስ ኒድል ለመውጣት የሚከፈለው ደግሞ ኪስ ያሳሳል። ከዚያው ሩብ ሰዓት ያህል ቁልቁል ቢወረድ የኦሊምፒክ ቅርጻ ቅርጽ መናፈሻ አለ። በነጻ ነው። ለምን እንደምንዘለው አይገባኝም።

ቦታው ድሮ የዩኖካል ኩባንያ የነዳጅ ማከማቻ ነበር። ከ120 ሺህ ቶን በላይ የተበከለ አፈር ተዝቆ ወጥቶለታል። በ2007 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ሲከፈት ስፋቱ 9 ኤከር ነበር። ባሕሩ ፊት ለፊት የተዘረጋ እንዲህ ያለ መሬት በዚህ ከተማ ምን እንደሚያወጣ ለሲያትል ሰው አይነገርም። በኮንዶ መሞላት ይችል ነበር። የሲያትል አርት ሙዚየም ግን መናፈሻ አደረገው። የማይክሮሶፍት ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆን ሸርሊና ባለቤታቸው ሜሪ፣ መግቢያው ነጻ ሆኖ እንዲቀጥል ገንዘብ ሰጡ። ከቅርጻ ቅርጾቹ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው። መናፈሻ መርቆ መክፈት ቀላል ነው፤ ከባዱ በየዓመቱ የጥበቃና የጥገና ወጪውን መሸፈን ነው።

የሪቻርድ ሴራ «ዌክ» የተባለው ሥራ ዘንድ ሲደርሱ ግን አይቸኩሉ። ቁመታቸው ከአራት ሜትር የሚበልጥ፣ የተጠማዘዙ የዛጉ ብረቶች ናቸው። ከሩቅ ሲታዩ «ይሄ ደግሞ ምኑ ነው ጥበቡ?» ያሰኛሉ። መሃላቸው ገብተው ሲሄዱ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ግድግዳው አንዴ ይጠጋዎታል፣ አንዴ ይሸሻል፤ ትልልቅ መርከቦች መሃል የገቡ ይመስልዎታል። ይህን ለማየት የሥነ ጥበብ ትምህርት አያስፈልግም፣ መራመድ ይበቃል። የአሌክሳንደር ካልደር ቀዩ «ንስር» ለፎቶ ያምራል። የሃውሜ ፕሌንሳ 14 ሜትር የሚረዝም ነጭ የሴት ልጅ ፊት ደግሞ ዓይኗን ጨፍና ወደ ባሕሩ ዞራለች። ልጆች የሚወዱት እሷን ነው።

አንድ ቅሬታ አለኝ። መንካት ክልክል ነው። የእጅ ወዝ ቀለሙንም ብረቱንም እንደሚጎዳ አውቃለሁ። ቢሆንም ሣር ላይ የቆመ ነገር አሳይቶ ልጅን «አትንካ!» ማለት ጭንቅ ነው። ልጅ ያለው ሰው ከመኪና ሳይወርድ ቢያስጠነቅቅ ይሻላል።

እናትና አባትን ይዞ ለመሄድም ይመቻል። መንገዱ ዚግዛግ እየሠራ፣ ከአውራ ጎዳናውና ከባቡር ሀዲዱ በላይ አልፎ፣ በቀስታ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ደረጃ መውረድ ግዴታ አይደለም። ሙዚየም ግቡ ቢባሉ «እኔ ምን ሊገባኝ» የሚሉ እናቶች እዚህ ያለ ሐሳብ ይንሸራሸራሉ። የሚከፈተው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ነው፣ የሚዘጋው ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት በኋላ። ከምሳ በፊትም በኋላም ይሆናል። ጃኬት ብቻ አይረሳ፤ ፊት ለፊት ያለው ባሕር፣ የኤልየት ቤይ፣ ነፋሱ በበጋም አይታመንም።